ከቦሌ እስከ ዳለስ፦ የአንድ ረጅም የአየር ጉዞ ታሪክ

በአዲስ አበባው ቦሌ ዓለም አቀፍ የአውሮፕላን ማረፊያና ከዋሽንግተን ዲ.ሲ. ወጣ ብሎ በቨርጂኒያ ግዛት በሚገኘው የዳለስ የአውሮፕላን ማረፊያ መካከል ያለው ርቀት በምድር ገጽ ላይ በአጭሩ መስመር ሲለካ 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ርቀት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብም ሆነ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ቢለካ ያው ነው፤ ጉዞው የሚወስደው ጊዜ ግን እንደ አቅጣጫው ይለያያል። ከዳለስ በቀጥታው በረራ የሚነሣ መንገደኛ 13 ሰዓት ያህል በአየር ላይ ቆይቶ የትም ሳያርፍ ቦሌ ሲደርስ፣ ከቦሌ ወደ ዳለስ የሚሄደው ግን በመካከል በሌላ አገር አርፎ፣ አውሮፕላኑ ነዳጅ እስኪሞላ ጠብቆ፣ ከተነሣ ከ16 እስከ 17 ሰዓት ገደማ በኋላ ይደርሳል። የዚህ ልዩነት ምክንያት አውሮፕላኖቹ ፈጣን ወይም ቀርፋፋ መሆናቸው ሳይሆን በዋነኛነት አዲስ አበባ የቆመችበት ከፍታ መሆኑን ለመረዳት፣ ሁለቱ ከተሞች በምን በምን መንገድ እንደተገናኙ ከጥንቱ ጀምሮ በቅደም ተከተል መመልከት ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከታሪኩ በፊት «አጭሩ መስመር» የተባለው ምን እንደሆነ መግለጽ ይገባል። ምድር ድቡልቡል ስለሆነች በሁለት ቦታዎች መካከል ያለው አጭሩ መንገድ በጠፍጣፋ ካርታ ላይ በማስመሪያ የሚሰመረው ሳይሆን፣ በሉል ላይ ክር ወጥሮ ሁለቱን ቦታዎች ሲያያይዙ ክሩ የሚያርፍበት ቅስት ነው፤ የጂኦግራፊ ሊቃውንት ይህንን ቅስት የታላቅ ክብ መስመር ይሉታል። በዚህ ስሌት መሠረት ከዳለስ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ፣ መድረሻው በደቡብ በኩል ቢሆንም፣ መጀመሪያ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይነሣና በአትላንቲክ ውቅያኖስ መሐል 45 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ድረስ ተጠግቶ ወደ ታች ይታጠፋል፤ ከዚያም ፖርቱጋልንና የስፔንን ደቡብ ምሥራቅ አቋርጦ፣ የሜድትራንያንን ባሕር ተሻግሮ፣ በአልጄሪያ፣ በሊቢያና በሱዳን ሰማይ አልፎ ኢትዮጵያ ይደርሳል። አውሮፕላኖች በተፈቀደላቸው የአየር መንገድ፣ በነፋሱ ሁኔታና አንዳንዴም በጦርነት ምክንያት በተዘጋ ሰማይ የተነሣ ከዚህ መስመር ወጣ እያሉ ስለሚበሩ፣ በእርግጥ የሚበሩት ርቀት ከተጠቀሰው ቁጥር ሁልጊዜ ጥቂት ይበልጣል።

በሁለቱ ከተሞች መካከል መንግሥታዊ ግንኙነት የተጀመረው ሮበርት ስኪነር የተባለው የአሜሪካ ዲፕሎማት በ1903 ወደ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘንድ በመጣ ጊዜ ነበር። ስኪነር በማርሴይ የአሜሪካ ቆንስላ ጄኔራል ሆኖ ያገለግል የነበረ ሲሆን፣ ተልዕኮው በመርከብ ጅቡቲ ከደረሰ በኋላ፣ ከዚያ በቀደመው ዓመት ድሬዳዋ ድረስ በተዘረጋው የባቡር ሐዲድ ተጉዞ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን አገር በበቅሎና በግመል አቋርጦ፣ ዲሴምበር 18 ቀን 1903 አዲስ አበባ ገባ፤ የንግድ ውሉም ዲሴምበር 27 ቀን ተፈረመ። ከጅቡቲ ወደብ እስከ አዲስ አበባ ያለው ጉዞ ብቻውን አንድ ወር ያህል የፈጀ በመሆኑ፣ በዚያ ዘመን ከዋሽንግተን የተነሣ ሰው አዲስ አበባ ለመድረስ ሁለት ወር ያህል ቢወስድበት የሚያስደንቅ አልነበረም። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ከጠቅላላው መንገድ አብዛኛው በባሕር ላይ ቢሆንም ከጠቅላላው ጊዜ ትልቁን ድርሻ የወሰደው ከባሕሩ ዳር ወደ ደጋው መውጣቱ መሆኑ ነው። የአዲስ አበባ ከፍታ መንገደኛውን ማዘግየት የጀመረው ከአውሮፕላን ዘመን አስቀድሞ ነበር።

የባቡሩ ሐዲድ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ይህ አቀበት በእጅጉ ቀለለ። ባቡሩ ሌሊት ስለማይጓዝና መንገደኞች በአዋሽና በድሬዳዋ ስለሚያድሩ 784 ኪሎ ሜትሩ ሦስት ቀን ይወስድ ነበር፤ ቢሆንም ወር የነበረው ወደ ቀናት መውረዱ በዚህ ታሪክ ከታዩት ትልልቅ መሻሻሎች አንዱ ነው ማለት ይቻላል። ደጃዝማች ናደው፣ ከንቲባ ገብሩና ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የነበሩበት የኢትዮጵያ መልዕክተኞች ቡድን በ1919 ወደ ዋሽንግተን ሲጓዝ፣ በኋላም በ1930ዎቹ በዚያችው ከተማ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና እንደተማሩት እንደ ዶክተር መላኩ በያን ያሉት ተማሪዎች ወደ አሜሪካ ሲሻገሩ፣ መርከብ ሌላ አማራጭ የሌለው መጓጓዣ ነበር። የተለመደው መንገድ በባቡር ጅቡቲ መድረስ፣ በቀይ ባሕርና በስዊዝ ቦይ አድርጎ ማርሴይ ወይም ሌላ የአውሮፓ ወደብ መግባት፣ ከዚያም አውሮፓን በባቡር አቋርጦ በአትላንቲክ መርከብ ኒው ዮርክ መውረድ ሲሆን፣ በየወደቡ መርከብ የሚጠበቅበት ጊዜ ሲታከልበት አንድ ወር አካባቢ ይፈጅ ነበር።

የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ የደረሰው ኦገስት 18 ቀን 1929 ነው። አንድሬ ማዬ የተባለው ፈረንሳዊ አብራሪ ፖቴዝ 25 የተባለውን ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ከጅቡቲ አስነሥቶ፣ ባቡር ሦስት ቀን የሚወስድበትን መንገድ በሰዓታት ጨርሶ አረፈ። ያ በረራ ለሕዝብ መጓጓዣ የሚሆን መስመር አልከፈተም፤ ቀጥሎ የመጣው የኢጣሊያ ወረራም የኢትዮጵያን የአቪዬሽን ጅምር አጨናገፈው። ከነፃነት በኋላ ግን ቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴ በፌብሩዋሪ 1945 በአውሮፕላን ወደ ግብፅ ተጉዘው፣ በስዊዝ ቦይ መስመር ላይ በሚገኘው በታላቁ መራራ ሐይቅ ኩዊንሲ በተባለችው የጦር መርከብ ላይ ከፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጋር ተገናኙ፤ በዚያው ዓመት በሴፕቴምበርም ቲ.ደብሊው.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር የኢትዮጵያን አየር መንገድ የሚያቋቁም ስምምነት ተፈረመ፣ ድርጅቱም በዲሴምበር በሕግ ተመሠረተ።

አዲሱ አየር መንገድ ሥራውን የጀመረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተረፉ አምስት ሲ-47 አውሮፕላኖች ነበር። ሲ-47 የዳግላስ ዲ.ሲ.-3 አውሮፕላን ወታደራዊ መልክ ሲሆን፣ ወታደርና ጭነት እንዲያመላልስ የተሠራ በመሆኑ ተሳፋሪዎች በግራና በቀኝ ግድግዳው በተዘረጉ አግዳሚዎች ፊት ለፊት ተያይተው ይቀመጡ ነበር። በሰዓት የሚሸፍነው ርቀት ከ300 ኪሎ ሜትር በታች ነበር፤ የውስጡ አየር ግፊትም እንደ ዛሬዎቹ አውሮፕላኖች ስለማይጠበቅ፣ ማለትም ተሳፋሪው ከውጭ ያለውን ስስ አየር እየተነፈሰ ስለሚጓዝ፣ ከደመናና ከማዕበል በላይ ከፍ ብሎ መብረር አይችልም ነበር። በሐሳብም በተግባርም ትልቅ ነገር የነበረው የመጀመሪያው መደበኛ በረራ ኤፕሪል 8 ቀን 1946 ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአሥመራ በኩል ካይሮ ገባ።

መስመሩ ወደ ካይሮ መከፈቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። ቲ.ደብሊው.ኤ. በፌብሩዋሪ 1946 ኮንስቴሌሽን በተባለው ባለ አራት ሞተር አውሮፕላን ከኒው ዮርክ ወደ ፓሪስ መብረር ጀምሮ፣ በቀጣዮቹ ጥቂት ወራት መስመሩን እስከ ካይሮ አራዝሞት ነበር። የኮንስቴሌሽን የነዳጅ ጋን ከኒው ዮርክ ፓሪስ የሚያደርስ ስላልነበረ፣ አውሮፕላኑ በኒውፋውንድላንድ ደሴት በጋንደር፣ ቀጥሎም በአየርላንድ በሻነን እያረፈ ነዳጅ ይሞላ ነበር። ከአዲስ አበባ የተነሣ መንገደኛ እንግዲህ ካይሮ ላይ አውሮፕላን ቀይሮ፣ በአውሮፓ ከተሞች አልፎ፣ ውቅያኖሱን በሁለት እመርታ ተሻግሮ አሜሪካ መድረስ ይችል ነበር፤ አንድ ወር የነበረው ጉዞ፣ ግንኙነቱ ከተመቸ፣ ወደ ጥቂት ቀናት ወረደ። ከዚህ በኋላ ቀኖቹን ወደ ሰዓታት ማውረድ የቀሪው ታሪክ ሥራ ሆነ።

በ1950ዎቹ ውስጥ አየር መንገዱ የአየር ግፊታቸው የተጠበቀ፣ ከፍ ብለውና ፈጥነው የሚበሩ አውሮፕላኖችን መጠቀም ጀመረ፤ በ1958 ዲ.ሲ.-6ቢ በተባለው አውሮፕላን የአውሮፓ መስመሩን በአቴንስ በኩል ፍራንክፈርት አደረሰ። ፍራንክፈርት ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ለኢትዮጵያውያን የአሜሪካ ጉዞ እንደ በር ሆና አገለገለች፤ ተማሪው፣ ነጋዴውና ዲፕሎማቱ እስከዚያ በአገራቸው አየር መንገድ ተጉዘው፣ አትላንቲክን የሚሻገሩት በሌላ አገር አውሮፕላን ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው የጄት ዘመን ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ልደታ የነበረውን አሮጌ ማረፊያ የሚተካው የቦሌ የአውሮፕላን ማረፊያ ተሠራ፤ በሌላው ጫፍ ደግሞ ኖቬምበር 17 ቀን 1962 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የዳለስን የአውሮፕላን ማረፊያ መረቁ። የዛሬው ረጅም መስመር ሁለቱ ጫፎች በአንድ ዘመን መሠራታቸው አጋጣሚ ቢሆንም፣ ሁለቱንም የወለደው ምክንያት አንድ ነው፤ ጄት አውሮፕላን ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል፣ የቀድሞዎቹ ማረፊያዎች ደግሞ ለዚህ የማይበቁ ነበሩ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1962 መጨረሻ ሁለት ቦይንግ 720ቢ አውሮፕላኖችን ተረክቦ በ1963 መጀመሪያ የጄት አገልግሎት ጀመረ። 720ቢ ከታወቀው ከቦይንግ 707 ያነሰና የቀለለ፣ ከክብደቱ አንጻር ሲታይም ጠንካራ ሞተር ያለው ስለነበረ፣ ለቦሌ ከፍታ ተስማሚ ሆኖ ተገኘ።

የዚህን ምርጫ ምክንያት በሚገባ ለመረዳት ከፍታ በአውሮፕላን ላይ ምን እንደሚያደርግ መግለጽ ያስፈልጋል፤ ነገሩ ለቀሪው ታሪክ ሁሉ መሠረት ነውና። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ሲገኝ ዳለስ ግን ከ100 ሜትር በታች ነው። በቦሌ ከፍታ ላይ አየሩ በባሕር ወለል ካለው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ቀኑ ሲሞቅ ደግሞ ይበልጥ ይሳሳል። የጄት ሞተር ኃይል የሚያመነጨው አየር ስቦ፣ ጨምቆና አቃጥሎ ወደ ኋላ በመግፋት በመሆኑ የሳሳ አየር ሲስብ ኃይሉ ይቀንሳል። ክንፍም አውሮፕላንን ወደ ላይ የሚያነሣው በላዩና በሥሩ በሚያልፈው አየር ስለሆነ፣ አየሩ ስስ ሲሆን ያንኑ ክብደት ለማንሣት አውሮፕላኑ በመሬት ላይ ይበልጥ መፍጠን ይኖርበታል። እንግዲህ በአንድ በኩል ሞተሩ ተዳክሞ፣ በሌላ በኩል የሚፈለገው ፍጥነት ጨምሮ፣ አውሮፕላኑ ከመንደርደሪያው ጫፍ ሳይደርስ መነሣት አለበት፤ ጎማዎቹም ቢሆኑ ሊታገሡት የሚችሉት የፍጥነት ወሰን አላቸው። ለዚህ ሁሉ መፍትሔው አንድ ነው፤ ክብደት መቀነስ። ክብደት የሚቀነሰው ወይ ከመንገደኛውና ከጭነቱ፣ ወይም ከነዳጁ ነው፤ ከነዳጁ ሲቀነስ የሚደረስበት ርቀት ያጥራል።

ይህ ችግር ዳለስ ላይ የለም። ከዳለስ የሚነሣ አውሮፕላን በዝቅተኛ ቦታ፣ በወፍራም አየር፣ ነዳጁን ጠግቦ ይነሣል፤ ቦሌ ሲደርስ ነዳጁን አቃጥሎ ስለጨረሰ ቀሎ ያርፋል። ከፍታው የሚጫነው በሚነሣው ላይ እንጂ በሚያርፈው ላይ ያን ያህል አይደለም። ወደ አዲስ አበባ መምጣት ከአዲስ አበባ ከመሄድ የቀለለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከ1963 በኋላ ስለ ፍጥነት ብዙ የሚነገር ነገር የለም። ቦይንግ 720ቢ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይበር ነበር፤ የዛሬው ቦይንግ 777ም ሆነ ኤርባስ ኤ350 የሚበሩት በዚያው ፍጥነት አካባቢ ነው። ከድምፅ በላይ የሚፈጥነው ኮንኮርድ ሜይ 24 ቀን 1976 ዳለስ አርፎ ነበር፤ ነገር ግን የነዳጅ ፍጆታው እጅግ ከፍተኛ፣ የሚሸፍነውም ርቀት ከ7,000 ኪሎ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ስለነበረ ከአትላንቲክ ማዶና ማዶ አልፎ ሩቅ አገሮችን ሳያቀራርብ በ2003 ከአገልግሎት ወጣ። ስለዚህ ላለፉት ስድሳ ዓመታት የጉዞ ጊዜን የቀነሰው ከፍጥነት ይልቅ የማረፊያዎች መቀነስ ነው፤ እያንዳንዱ ማረፊያ መውረድን፣ ነዳጅ መሙላትን፣ መጠበቅንና እንደገና መነሣትን ስለሚጨምር፣ ትራንዚት ደግሞ ለሌላ አውሮፕላን በመጠበቅ ብዙ ሰዓት ስለሚወስድ።

በዚህ መሐል የመንገደኛው ማንነት ተለወጠ። ከኢትዮጵያ አብዮት በኋላ በሱዳን በኩል የተሰደዱ ብዙ ኢትዮጵያውያን፣ በተለይም በ1980 የወጣው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ በሩን ከከፈተላቸው ወዲህ፣ በአሜሪካ ሰፈሩ፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ በተጀመረውና ዲቪ በተባለው የአሜሪካ ቪዛ ዕጣም ሌሎች ብዙዎች ተከተሏቸው። ከእነዚህም እጅግ ብዙዎቹ በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ባሉት በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ከተሞች ኑሯቸውን መሠረቱ። ለዓመታት የአየር ጉዟቸው በፍራንክፈርት፣ በለንደን ወይም በሌላ የአውሮፓ ከተማ የሚቆራረጥ ነበር። ይህ ማኅበረሰብ ባይኖር ኖሮ ሁለቱን ከተሞች በቀጥታ ማገናኘት የሚያዋጣ ንግድ አይሆንም ነበር፤ የመስመሩን ታሪክ በሞተርና በክንፍ ብቻ ማስረዳት የማይቻለውም ለዚህ ነው።

ቴክኒኩ ግን ከንግዱ ቀድሞ መንገዱን አሳየ። ጁን 1 ቀን 1984 የኢትዮጵያ አየር መንገድ አዲስ የተረከበው ቦይንግ 767-200ኢ.አር. አውሮፕላን ከዋሽንግተን ተነሥቶ የትም ሳያርፍ፣ ከ13 ሰዓት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ አዲስ አበባ ገባ። የተመዘገበው 12,082 ኪሎ ሜትርም ለባለ ሁለት ሞተር የመንገደኞች ጄት በዚያን ጊዜ የዓለም የርቀት ክብረ ወሰን ሆነ። አገሪቱ በድርቅና በጦርነት በተጨነቀችበት በዚያ ዓመት አንድ የአፍሪካ አየር መንገድ ይህንን ማድረጉ በአቪዬሽን ታሪክ ከሚሰጠው ቦታ የላቀ ቦታ ይገባዋል። በእርግጥ በረራው አዲስ አውሮፕላን ወደ ባለቤቱ ማምጫ ነበር እንጂ በመደበኛ ፕሮግራም ትኬት የተሸጠበት አልነበረም፤ ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ እንጂ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተንም አልነበረም። ከላይ የተገለጸው የከፍታ ሕግ በዚህም ላይ ይሠራ ነበር።

በዚያን ጊዜ ሌላ እንቅፋትም ነበር። ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን አንዱ ሞተር ቢቆምበት በቀረው ሞተር በ60 ደቂቃ ውስጥ ሊያርፍበት ከሚችል ማረፊያ እንዳይርቅ የአሜሪካ ደንብ ያስገድድ ነበር፤ ይህም የአትላንቲክን አጭር መንገድ ትቶ በዳር በዳር መዞርን ይጠይቃል። ሞተሮች እየተሻሻሉና ብልሽታቸው እየቀነሰ ሲሄድ ደንቡ ላላ፤ በ1985 ወሰኑ ወደ 120 ደቂቃ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ወደ 180 ደቂቃ ከፍ አለ። የመጀመሪያውን የ120 ደቂቃ ፈቃድ በቦይንግ 767 ያገኘው አየር መንገድ ከዚያ አርባ ዓመት ቀደም ብሎ የኢትዮጵያን አየር መንገድ በማቋቋም የተሳተፈው ያው ቲ.ደብሊው.ኤ. ነበር። ይህ የደንብ ለውጥ ነዳጅ ቆጣቢ የሆኑት ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላኖች ውቅያኖስ እንዲሻገሩ ስለፈቀደ፣ አነስተኛ አየር መንገዶች ግዙፉን ባለ አራት ሞተር ቦይንግ 747 ሳይገዙ ወደ አሜሪካ መብረር እንዲችሉ አደረገ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ይህንን ዕድል ተጠቅሞ በ1998 በቦይንግ 767 አውሮፕላኖች በአውሮፓ እያረፈ ወደ አሜሪካ መደበኛ በረራ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ከአዲስ አበባ የተነሣ መንገደኛ ወደ ሌላ አየር መንገድ አውሮፕላን ሳይቀይር ዋሽንግተን መድረስ ቻለ። በቀጣዮቹ ዓመታት የተለመደው መስመር በሮም በኩል ያለው ሆነ፤ በቦሌም በ2003 አዲስ ተርሚናል ተከፈተ።

በመስመሩ ታሪክ ትልቁ ለውጥ የመጣው በኖቬምበር 2010 ነው። በዚያ ወር አየር መንገዱ ከአፍሪካ የመጀመሪያውን ቦይንግ 777-200ኤል.አር. ተረከበ። ይህ ዓይነት አውሮፕላን በተለይ ለረጅም ርቀት የተሠራ ሲሆን፣ የሙከራ አውሮፕላኑ በ2005 ከሆንግ ኮንግ ወደ ምሥራቅ ተነሥቶ ለንደን ድረስ 21,602 ኪሎ ሜትር በ22 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ሳያርፍ በርሮ የዓለም ክብረ ወሰን አስመዝግቦ ነበር። በዚህ አውሮፕላን ከዳለስ ወደ ቦሌ ያለ ማረፊያ መብረር የዘወትር ሥራ ሆነ፤ በ1984 አንድ ጊዜ የታየው ነገር መንገደኛ ትኬት ቆርጦ የሚሳፈርበት መስመር ሆነ። ከቦሌ ሲነሣ ግን፣ ምንም እንኳ መንደርደሪያው 3,800 ሜትር ያህል ርዝመት ቢኖረውና ሞተሮቹ በዓለም ከታወቁት ኃይለኞች መካከል ቢሆኑም፣ ሙሉ መንገደኛና ጭነት ይዞ ዳለስ የሚያደርሰውን ነዳጅ ሁሉ ተሸክሞ ማንሣት አትራፊ ስላልሆነ በሮም ማረፉ ቀጠለ። 21,000 ኪሎ ሜትር ሊበር የሚችለውን ማሽን 11,560 ኪሎ ሜትር እንዳይበር ያገደው የርቀቱ ብዛት አልነበረም፤ የመነሻው ቦታ ነበር።

አየር መንገዱ ባለፉት ዓመታት ለዚህ ማረፊያ የተለያዩ ከተሞችን መርጧል፤ ምርጫውም ስለ ርቀትና ጊዜ ብዙ ያስተምራል። በሮም በኩል ያለው መንገድ በአጭሩ መስመር ሲሰላ 11,710 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከቀጥታው የሚበልጠው በ150 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ቀጥሎ የመጣው ደብሊን 11,830 ኪሎ ሜትር አካባቢ ያደርገዋል፤ ይህም ከቀጥታው ከ300 ኪሎ ሜትር ያነሰ ጭማሪ ነው፤ ምክንያቱም የታላቁ ክብ መስመር ራሱ ወደ ሰሜን ስለሚቀስት አውሮፓ ከመንገዱ ብዙም አይርቅም። ሻነን በ1946 ለኮንስቴሌሽን የሰጠችውን አገልግሎት አየርላንድ ከስድሳ ዓመታት በላይ ቆይታ በደብሊን በኩል እንደገና ሰጠች። በምዕራብ አፍሪካ በቶጎ ዋና ከተማ በሎሜ በኩል ሲሆን ግን መንገዱ 12,750 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ከቀጥታው በ1,190 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፣ ይኸውም ከአንድ ሰዓት የሚበልጥ ተጨማሪ በረራ ማለት ነው። አየር መንገዱ ሎሜን የመረጠው ርቀት ለማሳጠር ሳይሆን፣ የምዕራብ አፍሪካ መንገደኞችን ሰብስቦ ወደ አሜሪካ የሚወስድበት ሁለተኛ ማዕከል ስለሆነችለት ነው፤ ለአየር መንገዱ ጥሩ ስሌት ሲሆን ለአዲስ አበባው መንገደኛ ግን የሚረዝም ጉዞ ነው።

በሁለቱ አቅጣጫዎች መካከል ላለው ልዩነት ነፋስም የራሱን ድርሻ ያበረክታል። በመካከለኛው የሰሜን ንፍቀ ክበብ፣ አውሮፕላኖች በሚበሩበት ከፍታ፣ ጄት ስትሪም የተባለ ብርቱ የነፋስ ወንዝ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል፤ በዚያ ክፍለ ዓለም የቅዝቃዜ ወራት ይበረታል። ከዳለስ የሚመጣው አውሮፕላን ይህ ነፋስ ከኋላው ሲገፋው፣ ወደ ዳለስ የሚሄደው ግን ፊት ለፊት ይጋፈጠዋል። ስለዚህ ቦሌ በባሕር ዳር ቢሆን ኖሮ እንኳ ወደ ምዕራብ የሚደረገው ቀጥታ በረራ 14 ወይም 15 ሰዓት ይወስድ ነበር። ከ13 እስከ 17 ባለው ልዩነት ውስጥ እንግዲህ አንዱ ክፍል የነፋስ፣ የቀረው የከፍታውና ከፍታው ያስከተለው ማረፊያ ድርሻ ነው።

መንገደኛው በሰዓቱ ላይ የሚያየው ደግሞ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። አዲስ አበባ ከዋሽንግተን በአሜሪካ የቅዝቃዜ ወራት በ8 ሰዓት፣ አሜሪካውያን ሰዓታቸውን ወደፊት በሚገፉበት ወቅት በ7 ሰዓት ትቀድማለች። ስለዚህ ማታ ከቦሌ የተነሣ ሰው 17 ሰዓት ተጉዞ በማግስቱ ጠዋት ዳለስ ሲወርድ አንድ ረጅም ሌሊት ያሳለፈ ይመስለዋል፤ ከዳለስ ጠዋት የተነሣው ግን 13 ሰዓት ብቻ ተጉዞ ሳለ ቦሌ የሚደርሰው በማግስቱ ጠዋት ነው። የበረራው ርዝመት ትኬት ላይ ከተጻፉት የመነሻና የመድረሻ ሰዓቶች በቀጥታ ሊነበብ አይችልም፤ የሁለቱ አገሮች የሰዓት ልዩነት መደመር ወይም መቀነስ አለበት። የረጃጅም በረራዎች ከቦሌ ማታ መነሣት ከመንገደኛው እንቅልፍ ሌላም ጥቅም አለው፤ የሌሊቱ ቀዝቃዛ አየር ከቀኑ ሙቅ አየር ስለሚወፍር አውሮፕላኑ ጥቂት ቶን ጨምሮ እንዲነሣ ይረዳል።

ከ2010 በኋላ የመጡት አውሮፕላኖች፣ ማለትም በ2012 ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው ቦይንግ 787፣ በ2016 የመጣው ኤርባስ ኤ350-900፣ በ2024 መጨረሻም ኤ350-1000፣ ከብረት ይልቅ በአብዛኛው ከካርቦን ክር በተሠራ ቀላል አካላቸውና በቆጣቢ ሞተራቸው ከአንድ ቶን ነዳጅ የበለጠ ርቀት ያወጣሉ። ይህ ልዩነቱን ያጠበበው ቢሆንም አላጠፋውም፤ ሞተር ቢሻሻልም የቦሌ አየር አይወፍርም።

ለዚህ ችግር ከመሠረቱ የታሰበው መፍትሔ አውሮፕላኑን ሳይሆን ማረፊያውን መለወጥ ነው። አየር መንገዱ ከአዲስ አበባ በደቡብ ምሥራቅ፣ በቢሾፍቱ አካባቢ አቡሴራ በተባለው ሥፍራ ግዙፍ አዲስ የአውሮፕላን ማረፊያ ለመሥራት ወስኖ፣ በኦገስት 2024 የንድፍ ሥራውን ለዳር አል ሃንዳሳህ የአማካሪ መሐንዲሶች ድርጅት ሰጥቷል። ዋናው ምክንያት ቦሌ እየጠበበ መምጣቱና በከተማው መሐል መዋጡ ቢሆንም፣ አዲሱ ሥፍራ ከቦሌ በ400 ሜትር ገደማ ዝቅ ማለቱ ለረጃጅም በረራዎች ከቦታ ስፋት የማያንስ ጥቅም አለው። አራት መቶ ሜትር መውረድ የአየሩን ውፍረት በ4 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ለአንድ ትልቅ አውሮፕላን ይህ በብዙ ቶኖች የሚቆጠር ተጨማሪ ነዳጅ ወይም ጭነት ነው። ይህ ብቻውን አሥራ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትሩን ያለ ማረፊያ ለመብረር ይበቃል ማለት አይደለም፤ የመንደርደሪያው ርዝመት፣ ተዳፋቱና በዙሪያው ያሉት ተራሮች አብረው ይወስናሉ። እነዚህ ሁሉ አንድ ጊዜ በሲሚንቶና በአስፋልት ከተሠሩ በኋላ የማይለወጡ በመሆናቸው፣ ንድፉን የሚያወጡና የሚያጸድቁ መሐንዲሶችና ኃላፊዎች ስለ መንገደኛው ብዛትና ስለ ሕንፃው ስፋት የሚጨነቁትን ያህል፣ ሙሉ ጭነት የያዘ አውሮፕላን ወደ ዋሽንግተን በቀጥታ የሚነሣበትን መንደርደሪያ ከመጀመሪያው የሥራቸው መለኪያ ሊያደርጉት ይገባል።